ጀማሪ የተባለ ቋንቋ

መካነ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሼ ዋለ፣ ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ልበል ወይስ ጤና ይስጥልኝ? ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ይቀበሉን ስለነበር ሁለቱንም ልኬልዎታለሁ። እርስዎ፣ ልጅዎ ሄለንና ጉልበትዎ እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትዎን ለይቼ የጠየቅኩት ሾፌሩ አሳምነው "ከቤታቸው ደረጃ ጋር ሲጣሉ አየኋቸው" ስላለኝ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልኩም ኢንተርኔቱም እንደጠፋ ነው፤ ከእንግዲህ ፖስታ ቤታችን የአሳምነው ሚኒባስ ናት።

ጥያቄዎን ልመልስ። አዎ፣ አሉ። አምስቱም ማሽኖች አሉ። ከላብራቶሪው ጀርባ ባለችው ክፍል፣ እርስዎ ጡረታ ሲወጡ በሸፈኑባቸው ጨርቅ ውስጥ እንደተኙ አገኘኋቸው። ልጆቹ ሲያዩአቸው "ቲቸር፣ ይሄ ኪቦርድ ነው፤ ኮምፒውተሩስ የት ሄደ?" አሉኝ። ኪቦርዱ ራሱ ኮምፒውተር እንደሆነ፣ ፈረንጆች ድሮ በየቤታቸው ከቴሌቪዥን ጋር እያገናኙ ጨዋታ ይሠሩበት እንደነበር ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። ከጥበቃው ቤት አሮጌ ቴሌቪዥን ተውሼ ሰካሁት። ሰማያዊ ስክሪን መጣና መሀሉ ላይ በአማርኛ "ጀምር" አለ።

ጋሼ፣ ኮምፒውተር በአማርኛ ሲያናግረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቹ ፊት ጮህኩ። ጀማሪ ያሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ መሥራትዎን በደብዳቤዎ ባይነግሩኝ ኖሮ መች አውቅ ነበር? ሠርተው ሲጨርሱ ጡረታ ደረሰና አንድ ተማሪ እንኳን ሳይነካው ተቆለፈበት።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርዎ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ጋሹ ክፍሏን ለተማሪዎች ምገባ እህል ማስቀመጫ ይፈልጓታል፤ ማሽኖቹ በሐራጅ ይወጣሉ አሉ። እህሉ ልጆቹን የሚያበላ ነውና ክፉ ሰው ናቸው ማለት አልችልም፤ ግን ተከራከርኳቸው። በመጨረሻ "ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ልጆቹ ራሳቸው የሠሩትን ጨዋታ ካሳዩኝ ክፍሉ የእናንተ ነው፤ ካልሆነ የእህሉ ነው" አሉኝ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔም አሳዝላቸዋለሁ ብያለሁ።

ተማሪዎ ሰልሰቢል ሱሌማን


ደሴ፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰልሰቢል

ሁለቱንም ሰላምታ ተቀብያለሁ፤ ሁለቱንም መልሻለሁ። ስለ ጉልበቴ ግን አሳምነው የእኔን ደረጃ ትቶ የራሱን መንገድ ቢያይ ይሻለዋል።

ስለ ማሽኖቹ ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅሽ ሳትገረሚ አትቀሪም። ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና እዚህ የነበረኝ ማሽን ጢስ አውጥቶ ሞተ። ቋንቋውን ያስቀመጥኩባቸውን ዲስኮች ደግሞ እርጥበት በልቷቸዋል። ሄለን ይዛቸው ደሴን ዞረች፤ ያነበበላት የለም። ስለዚህ ጀማሪ ዛሬ ያለው በእነዚያ አምስት ማሽኖች ሆድ ውስጥ፣ መብራት ቢሄድም በማይጠፋበት ቦታ ብቻ ነው። እነሱ ለቁራሌው ከወጡ ቋንቋውም አብሮ ይቀልጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ ቋንቋውን የሠራሁት እኔ፣ የምናገርበት የሌለኝም እኔ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ሸክም ልጭንሽ ሳይሆን፣ የምትደክሚለትን ሳታውቂ እንዳትደክሚ ብዬ ነው።

ለልጆቹ ከባድ አይደለም። ትእዛዞቹ የቤት ቃላት ናቸው፦ ሳል፣ አንቀሳቅስ፣ ከነካ፣ መልስ፣ ጠብቅ፣ ድገም። ማሽኑ የፊደል ገበታችንን ሁሉ የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው ጥቂት ፊደላት መርጬ ነው ያስገባሁት፤ የማይገኝ ፊደል ካጋጠማቸው ሌላ ቃል ይፈልጉ። በዚህ ወረቀት ጀርባ አንድ ጨዋታ ጽፌልሻለሁ። ዝንጀሮ የገብስ ማሳ ይገባል፣ ልጁ በወንጭፍ ይወረውራል፣ ድንጋዩ ከነካው ዝንጀሮው ይሸሻል። ማሽን ባይኖረኝም ከጭንቅላቴ ነው የጻፍኩት፤ እንዳትጠራጠሪ፣ አይሳሳትም።

ዋለ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ ዋለ

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን ገቡ። አስተማሪው ጿሚ፣ ተማሪው ጿሚ፣ የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ሰውዬ ብቻ ነው ያኮረፈው። ጾሙን ያቅልልልን።

ስለ ማሽንዎ ያነበብኩ ዕለት ማልቀስ አማረኝ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ክፍሉን ጠረግሁ። እነዚህ ማሽኖች ከዚህች ክፍል አይወጡም። በዚህ ላይ ሌላ አልጨምርም።

ልጆቹ የጻፉትን በምን ያስቀምጣሉ ይሉኝ ይሆናል። በምንም። ፕሮግራም የሚቀዳበት ቴፕ አይሠራም። መብራት ደግሞ እንደሚያውቁት ነው፤ ገና "ድገም" ሳንል ይሄዳል፤ ሲመለስ ስክሪኑ እንደ አዲስ "ጀምር" ይላል። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ መርዋ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ አባቴ ዘንድ ቁርአን የምትቀራ፣ "ቲቸር፣ ለምን አንሐፍዘውም፣ በቃላችን አንይዘውም?" አለችኝ።

የአባቴን ቁርአን ቤት ያውቁታል። ልጁ በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፋል፣ በቃሉ እስኪይዘው ይቀራል፣ ሼኹ ከሰሙት በኋላ ሉሁን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። መርዋ ከአናጺ ቤት ጣውላ ለምና አመጣች። የቁርአኑን ሉህ ለጨዋታ አላስነካም፤ ይህ ሌላ ጣውላ ነው። በከሰል የእርስዎን ፕሮግራም ጻፈችበት። ጓደኛዋ የሻለም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የምትደግም ናትና "ይሄማ ምን አላት!" ብላ ተቀላቀለች። አሁን ክፍሉ በሙሉ እየተወዛወዘ ከነመስመር ቁጥሩ "አስር፣ ማሳ ሳል! ሃያ፣ ዝንጀሮ ሳል!" ይላል። መብራት ቢሄድ ግድ የለንም፤ ሲመለስ ካፋቸው ወደ ጣታቸው ነው።

ግን ጋሼ፣ ዝንጀሮው አይሸሽም። ድንጋዩ አናቱን ሲመታው እያየን ገብሱን ይበላል። ልጆቹ አንዲት ፊደል አልሳቱም፤ ከወረቀትዎ ጋር ደጋግሜ አስተያየሁት። ጥፋቱ የማሽኑ ይሆን?

ሰልሰቢል


ደሴ፣ መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰልሰቢል

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ "ልጆቹ ተሳስተው ነው" ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩልሽ። ሄለን አንብባ "አባዬ፣ ይሄን አትላከው" አለችኝ። አኮረፍኳት። ቅዳሜና እሑድን በወረቀት ላይ ድንጋዩን በጣቴ እየገፋሁ ዋልኩ።

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። የልጆቹም አይደለም። "ድንጋዩን ወደ ልጁ መልስ" የሚለውን "ከነካ" ከሚለው በፊት ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ማሽኑ "ነካው ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ድንጋዩ ተመልሶ ወንጭፉ ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ወንጭፍ በሕይወቴ አላየሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? "አይሳሳትም" ብዬ መጻፌን እባክሽ እርሺልኝ።

አርባና ሃምሳ ቁጥር መስመሮች ቦታ ይለዋወጡ። ሌላ ምንም አያስፈልግም። አባትሽን ሼህ ሱሌማንን ሰላም በይልኝ፤ ለዒዱ በሰላም ያድርሳቸው።

አቶ ጋሹ ምን አሉ? ስለ እሳቸው ምንም አልጻፍሽም። ያልጻፍሽው ነገር ደግሞ ያሳስበኛል።

ዋለ


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ ዋለ

መንገዱ ተዘግቶ አሳምነው አቀስታ ላይ ከረመ፤ ዒዱን ያለ ደብዳቤዎ ዋልን። ይህ እንኳን ለፋሲካ ይድረስልዎ፤ እንኳን አደረሰዎ።

እርማትዎን ለልጆቹ ሳነብላቸው ምን የሚሉኝ ይመስልዎታል? እምቢ አሉ! ወላሂ እምቢ አሉ። መርዋ ክንዷን አጣምራ "ከሐፈዝነው በኋላ መለወጥ አይቻልም" አለች። ቁርአን ቤት አንዲት ሐርፍ፣ አንዲት ፊደል የለወጠ ምን እንደሚደርስበት ታውቃለቻ። የሻለምም "ዳዊትን ማን ያርማል?" ብላ አገዘቻት። ጋሼ ዋለ ራሳቸው ናቸው ያሉት ብላቸው "መጀመሪያም ያሉት እሳቸው ናቸው" ብለው መለሱልኝ። ዝንጀሮው ዘላለም ገብስ ይብላ እንጂ ቃልዎ አይነካም! በቃል አስይዤ ያስጠናኋቸው እኔ፣ በራሴ ገመድ ታሰርኩ።

ቸግሮኝ ለአባቴ ነገርኳቸው። እስኪበቃቸው ሳቁና በማግስቱ ጥምጥማቸውን አድርገው ክፍሏ ድረስ መጡ። ልጆቹ ብድግ አሉ።

"መርዋ፣ የማይለወጠው የማን ቃል ነው?" አሏት።

"የአላህ፣ አባባ።"

"ዋለስ ማነው?"

"ሰው።"

"በቃ! የሰው ልጅ ቃል ካልታረመ ይበላሻል። ዋለን የምታከብሪው ከሆነ ስህተቱን ተሸክመሽለት አትዙሪ፤ አራግፊለት። እኔም ስሳሳት ታርሙኛላችሁ፤ ቀስ ብላችሁ ግን!"

መስመሮቹ ተለዋወጡ፤ ዝንጀሮው ሸሸ። ጩኸቱን ሰምተው አቶ ጋሹ መጡ።

እዚህ ላይ ነው ይቅርታ የምጠይቅዎ፤ ካለፈው ደብዳቤ የደበቅኩት አለ። አቶ ጋሹ ከመጋቢት ጀምረው ግማሹን ክፍል በጆንያ ሞልተውታል። ያን ቀን ጨዋታውን አይተው ልጆቹን "ማን ጻፈው?" አሏቸው። እነሱም በኩራት "ጋሼ ዋለ!" አሉ። "እንግዲህ ይሄ የዋለ ጨዋታ ነው፤ እናንተ በቃላችሁ ነው የያዛችሁት። እኔ የጠየቅኩት የእናንተን ነው" ብለውኝ ወጡ። ያናደደኝ ልክ መሆናቸው ነው።

መርዋ ዝንጀሮውን ጭላዳ ልትለው ፈልጋ "ጭ" አጣች። ፊደሉን ወደ ቋንቋው ማስገባት ይቻላል ወይ ትላለች። ደግሞም አዲስ ፕሮግራም ይላኩልን፤ ከእሱ ተነስተው የራሳቸውን ይሠራሉ።

ሰልሰቢል


ደሴ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰልሰቢል

አልልክም።

እንዳትቀየሚኝ። ሦስት ፕሮግራም ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። የላክሁትን ሁሉ እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ሰኔ ላይም አቶ ጋሹ ያንኑ ይሉሻል። ማሽኖቹን የሚያድናቸው የእኔ ጨዋታ አይደለም። እነዚያ ልጆች የሚያውቁት፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ፤ እሱን ይሳሉ። መጥፎ ይሁን። ይደነቃቀፍ። የራሳቸው ይሁን ብቻ።

ስለ "ጭ" ግን፣ አይሆንም። ጨዋታውን እንዳሻቸው ያድርጉ፤ ቋንቋውን ራሱን አይንኩት። ያለው እሱ ብቻ ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ ከየት አመጣዋለሁ? ለመርዋ ይህን አለሳልሰሽ ንገሪያት፤ እኔ ማለሳለስ አይሆንልኝም።

ይመጣሉ ወይ ብለሽ ላልጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ፣ ሐኪሙም ሄለንም ከልክለውኛል የሚል ነው። እኔም ያን ያህል አልተከራከርኩም። በወላጆች ቀን ክፍሉ ሲዘጋ ቆሜ ማየቱን ፈርቼዋለሁ። ይህን የምነግረው ላንቺ ብቻ ነው።

ሥሪ ልጄ። ጆንያው ቢከብሽም ሥሪ።

ዋለ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ ዋለ

ቁጭ ብለው ያንብቡት። ጉልበትዎም ይስማ።

እምቢታዎን ለልጆቹ ስነግራቸው አንድ ሳምንት አኩርፈዋል። ቀጥሎ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። የመርዋ አባት ደሴ ቀርተው ነበር፤ የየሻለም እናትም ቅቤዋን እንደጫነች ከመንገድ ተመልሳለች። ልጆቹ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ክፍል ስገባ ዝንጀሮው ጠፍቶ ስክሪኑ ላይ አንዲት ሚኒባስ በጉም ውስጥ ቁልቁል ትወርዳለች። "ደሴ እናደርሳታለን" አሉኝ። እነዚያ ፊደል መለወጥ ሐራም የመሰላቸው ልጆች "እዚህ ጋ ተሳስተሻል፣ አውጪው" እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ቢሰሟቸው! ከትናንት ወዲያ የያዙትን ጣውላ ዛሬ ያጥቡታል። እኔ እጄን ሰብስቤ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

የወላጆች ቀን ክፍሏ እስከ አፏ ሞላች። አባቴ አሉ፣ የየሻለም የንስሐ አባት አሉ፣ አሳምነው አለ። ልክ ልንጀምር ስንል መብራት ሄደ። ሲመለስ ስክሪኑ ባዶ ነው። ሰው አጉረመረመ። የሻለም ተነሳችና ከቃሏ መጻፍ ጀመረች፤ ስትደክም መርዋ ተቀበለቻት፤ ሌሎቹም ተራ በተራ። ወረቀት የያዘ የለም። ወላጅ ሁሉ የልጆቹን ጣት ያያል።

አቶ ጋሹ "እስቲ እኔ ልሞክረው" ብለው ተቀመጡ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ጭነት መኪና እየወጣ ይመጣል፤ ሚኒባሷ ተጋጨች። ደግመው ሞከሩ፤ ገደል ገባች። ኮታቸውን አወለቁ። እንደገና ተጋጨች። ሰው መሳቅ ሲጀምር "ይሄ ስህተት አለበት፤ ማንም ሊያልፈው አይችልም፤ አርሙት!" አሉ።

መርዋ ምን እንዳለቻቸው ልንገርዎ፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። "ስህተቱንማ አርመናል ጋሼ። ይሄ ስህተት አይደለም። መንገዱ ነው እንዲህ የሆነው።"

ከዚያ አሳምነው ሰው ገፍቶ መጣና "ይነሱልኝ" አለ። ተቀመጠ። አለፈ። ደሴ ገባ። እልልታው ገበያ ድረስ ተሰምቷል። እንዴት እንዳለፈ ግን አልነግርዎትም፤ እርስዎም ፕሮግራም ከልክለውኛል።

አቶ ጋሹ ኮታቸውን እየለበሱ "ይሄን ዋለ ያውቀዋል?" አሉኝ። አያውቁትም አልኳቸው። ጆንያውን አዩ፣ ልጆቹን አዩ። "እህሉም አይወጣም፤ ማሽኑም አይወጣም። ልጆቹ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ይሥሩ" አሉ። ሐራጅ የለም ጋሼ! በጽሑፍ ተቀብያለሁ።

ስለ እርስዎ ማሽን መቃጠልም ነገርኳቸው። አንዱን ማሽን እንድልክልዎ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥቷል፤ የልጆቹ ጨዋታ በመርዋ እጅ ወረቀት ላይ ተጽፎ ጋቢው ውስጥ አለ። ቋንቋዎን ገልብጠው ያትርፉት።

ሰልሰቢል


ደሴ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰልሰቢል

ማሽኑ ደህና ገብቷል። ጋቢውን አሳምነው ይዞት ይመለሳል፤ አባትሽን እጅ ነስቻለሁ በያቸው። ሄለን ቋንቋውን ከማሽኑ ገልብጣ በእሷ ኮምፒውተርም፣ በጓደኞቿም ዘንድ አስቀመጠችው። ከእንግዲህ አንድ ቤት ቢቃጠል ጀማሪ አይሞትም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደተመኘሁ አታውቂም።

አሁን ስለዚያ ኩርባ። የመርዋን ፕሮግራም አስገብቼ ተቀመጥኩ። ተጋጨሁ። ገደል ገባሁ። አሳምነው ምስጢሩን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ከቤት አስወጣሁት። ምሳ ተዘለለ። ሄለን "አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው" ትለኛለች። ቋንቋውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ ቃላት ተጽፎ እንዴት ያሸንፈኛል? ፕሮግራሙን መስመር በመስመር መረመርኩት። ስህተት የለውም። "እዚህ ጋ ቢስተካከል" ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር እስከማንሳት ደርሼ ነበር።

ዛሬ ጧት ኩርባው አፍ ላይ ስደርስ "ጠብቅ" ብዬ ቆምኩ። ለምን ቀድሞ እንዳልታየኝ እንጃ። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚወርድ ይቆማል፣ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ይቀድማል። ያ መኪና እያቃሰተ ወጣ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ ጥሩምባ ነፋልኝ፤ ያንን ጥሩምባ ማን እንዳስገባው ንገሪኝ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ወረድኩ፤ ደሴ ገባሁ።

አለቀስኩ፣ ልጄ። ሄለን ጉልበቴን ያመመኝ መስሏት ከጓዳ ሮጣ መጣች። እኔ እኮ እየወረድኩ ያለሁ ሰው ነኝ። እነዚያ ልጆች ይህን ያህል ጭነት ይዘው ሲወጡ መሀል መንገድ ላይ ዘግቼባቸው ቆሜ ነበር።

ለመርዋ እንዲህ በያት፦ "ጭ"ን ታስገባ። ቋንቋው እንዴት እንደሚከፈት ሌላ ወረቀት ላይ ጽፌላታለሁ። ለ"ጭ" ቦታ የሚለቀውን ፊደል እሷና የሻለም ይምረጡ፤ ሲጨርሱ ይንገሩኝ እንጂ አስቀድመው እኔን አይጠይቁኝ።

ዋለ